አንድ ካርድ፣ ብዙ እንግዳ

ለእኛ ለግሼ ልጆች ስክሪን ማለት ፕላዝማ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ከራቤል ወጥቼ መሐል ሜዳ ኪራይ ቤት የገባሁት በ1998 ዓ.ም. ነው። ፕላዝማው ከእኔ ጥቂት ቀደም ብሎ ክፍል ገብቶ ጠበቀኝ። ጓዜ በሶና ቆሎ፣ እናቴ ፈትላ ያሠራችው ባና፣ አንድ ኩራዝና ጥቂት ደብተር ነበር። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች የመንዝ ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ ጣት ያደርቃል። እስክሪብቶ ከመያዛችን በፊት እጃችንን በትንፋሻችን እያሟሟቅን፣ በብረት ሣጥን ተቆልፎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጥቁር መስታወት ላይ እናፈጥ ነበር።

ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚለቀቅ ነበር። እንግሊዝኛው ይፈጥናል። መምህራችን መግቢያ ቢጤ ተናግሮ ዳር ይቆማል፣ ፕላዝማው ሲጨርስ ያመለጠንን ሊያስረዳን ይጣደፋል። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት ሄደ ማለት ነው፤ ተመልሶ አይመጣም። ብዙ ሰው ያን ዘመን በምሬት ያነሣዋል፣ ምክንያትም አለው። እኔ ግን እስከዛሬ የምወድለት አንድ ነገር አለ። ያችኑ ደቂቃ ጎንደርም ያለ፣ አርባ ምንጭም ያለ ተማሪ ያንኑ ሥዕል ያያል። አንድ ምንጭ ይህን ሁሉ ዓይን መመገብ መቻሉ ያስደንቀኝ ነበር። ሁሉም የሚያየው አንድ ዓይነት መሆኑ፣ ጠይቆ መልስ ማግኘት አለመቻሉ ደግሞ ይከነክነኛል። ከአንድ ምንጭ ለየሰዉ የየራሱን ሥዕል ማድረስ ይቻል ይሆን ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ኮምፒውተር በእጄ የነካሁት መሰናዶ ስገባ ነው። የላቡ በር ላይ ጫማ ይወልቃል። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ነው፤ የመንዝ ሲሚንቶ በካልሲ ሲረገጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰው በረድፍ ተቀምጠዋል፣ ለአንዱ ሦስት አራት ሆነን እንሰለፍለታለን። አይጥ የሚይዘው አንድ ሰው ነው፣ ሌላው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ያያል። ተራ ሲደርስ ያለውን ደስታ፣ ተራ ሲያልቅ ያለውን ቅሬታ አሁንም ጣቶቼ ያስታውሱታል።

አንድ ቀን የአይሲቲ መምህራችን ሰው ሁሉ ሲፒዩ የሚለውን ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ፈታው። ከማዘርቦርዱ ላይ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ነቀለ። ትንሽ ማራገቢያ ተለጥፎባታል፣ በአንድ ጠርዟ ወርቃማ ጥርሶች ተደርድረውባታል። «ስክሪኑ ላይ የምታዩትን ሥዕል የምትሠራው ይቺ ናት፤ ግራፊክስ ካርድ ትባላለች» አለን። ጥርሶቿን ሳንነካ በዳርና በዳር ይዘን እያቀባበልን አየናት። ከዚያ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠ ኮምፒውተሩን አበራው። ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ሣጥኑ ግን ጮኸ፣ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

«ቲቸር፣ ካርዷ እንደሌለች በምን አወቀ?» አልኩት።

«ሲነሣ ይጠይቃል። በየማስገቢያው ማን አለ ይላል። መልስ ያላገኘበት ቦታ ለእሱ ባዶ ነው። ሥዕል የሚሠራለት ሲያጣ በድምፅ ይነግርሃል» አለኝ። ካርዷን መልሶ ሲሰካት ሁሉም እንደነበረው ሆነ።

ያቺ መልስ እስከዛሬ እንጀራዬ ናት። ኮምፒውተር አካሉን በዓይን አያውቅም፤ ጠይቆ ነው የሚያውቀው። ፒሲአይ በሚባለው መስመር ላይ የተሰካ ዕቃ ሁሉ ሁለት ቁጥሮች ይዟል። አንዱ የሠራውን ኩባንያ፣ ሌላው የዕቃውን ዓይነት ይናገራል። የኢንቴል መለያ 8086 ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን ዝነኛ ፕሮሰሰር ስም መታወቂያው አድርጎታል። አሁን በኤኤምዲ እጅ ያለው የኤቲአይ መለያ ደግሞ 1002 ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እነዚህን ቁጥሮች አንብቦ ካለው ዝርዝር ጋር ያመሳክርና የሚስማማውን ድራይቨር ይጭናል። ካርዱን አወቀው የሚባለው ያኔ ነው። ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም።

በ2002 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ስገባ ተቋሙ ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስ ደረሰኝ። ዶርም ውስጥ ከእኔ በላይ የተኛው ልጅ ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ የመጣ ነው። እኔ ከመሐል ሜዳ ሞላሌን፣ ጣርማበርን አልፌ እመጣለሁ፤ እሱ የጀማን ገደል ወርዶና ወጥቶ በሙከጡሪ ዞሮ ይመጣል። ሁለታችንም ሰሜን ሸዌ ነን፣ አገሩን ግን ጨርሶ አንተዋወቅበትም ነበር። ዘመድ ከውጭ የላከለት ላፕቶፕ ነበረው፤ በዶርሙ ሌላ አልነበረም። ያቺን ላፕቶፕ ለሁላችንም አካፍሏታል፤ ማታ ማታ አልጋው ላይ ከሚቀመጡት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ተነሡ ብሎ አያውቅም።

ቨርቹዋል ማሽን ምን እንደሆነ የተማርነው በ2004 ዓ.ም. በኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር ማለት ነው። ውስጡ የሚጫነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ ዲስክ ያለው ይመስለዋል። ሐሳቡ ከእኛ ዕድሜ በእጅጉ ይበልጣል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ትልልቅ ኮምፒውተሮቹን ለብዙ ሰው ለማካፈል ሠርቶበት፣ በ1972 ቪኤም 370 ብሎ ለገበያ አቅርቦታል። ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ተቋቁሞ በዓመቱ ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ አወረደው። ለእኛ የደረሰን ግን ቨርቹዋልቦክስ ነው፤ ነፃ ነው፣ በፍላሽ ይዞራል፣ አሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል።

መምህራችን ዊንዶውስ ውስጥ ኡቡንቱ እንድንጭን አዘዙን። እኔና የመርሐቤቴው ልጅ በላፕቶፑ 11.04 የተባለውን ኡቡንቱ ጫንን። ዩኒቲ የሚባል አዲስ ገጽታ እንዳለው ሰምተናል፤ በግራ በኩል የምስሎች ዓምድ አለው፣ ሁሉ ነገር ይንሳፈፋል፣ ያሳሳል። ማሽኑ ተነሣ፣ ስማችንንና የይለፍ ቃላችንን አስገባን፤ ዩኒቲን ለማስኬድ የሚያስፈልገው ሃርድዌር የለህም የሚል መልእክት መጣ። ከኋላው የድሮው ገጽታ ብቅ አለ። ስክሪኑም ጠባብ ነው፣ የላፕቶፑን ስክሪን እኩሌታ እንኳ አይሞላም።

ጓደኛዬ አዘነ። ላፕቶፑ ጥሩ ካርድ እንዳለው ያውቃል፤ እኛም የእግር ኳስ ጌም ስንጫወትበት በዓይናችን አይተናል። «ካርዱ እዚሁ ሆድ ውስጥ እያለ እንዴት የለህም ይለኛል?» አለ።

የመሰናዶው መምህር ትዝ አለኝ። «እስቲ ማንን እንዳገኘ እንጠይቀው» አልኩና መስመሩ ላይ የተሰካውን ዕቃ የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ጻፍኩ። በዝርዝሩ ውስጥ ከሥዕል ሠሪው ተራ ላይ የላፕቶፑ ካርድ ስም አልነበረም። ኢኖቴክ ሲስተምበራቱንግ፣ ቨርቹዋልቦክስ ግራፊክስ አዳፕተር ይላል።

ስሙን ሲያይ ጓደኛዬ ሳቀ። «ይኼማ የጀርመን ስም ነው!» አለ። ዓለም ከተማ ያደገ ልጅ ጀርመንኛ ጽሑፍ ለዓይኑ አዲስ አይደለም። ሰዎች ለሰዎች የተባለው የጀርመን ድርጅት በመርሐቤቴ ብዙ ሠርቷል፤ እናት ሆስፒታልን የማያውቅ የለም፤ በሙኒክ አቅራቢያ ያለችው ፋተርስቴተን ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ከተማ እኅት ከተማ ናት። ልክ ነበር። ቨርቹዋልቦክስን የሠራው ኢኖቴክ የጀርመን ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሰን የተባለው ኩባንያ ገዛው፣ ሰንን ደግሞ በ2010 ኦራክል ጠቀለለው። ድርጅቱ ሁለት ጊዜ ተሸጦም ስሙ ካርዱ ላይ ቀርቶ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ አገኘነው።

ያ ምሽት ብዙ ነገር ገለጠልኝ። እንግዳው፣ ማለትም ቨርቹዋሉ ማሽን፣ ሲነሣ እንደማንኛውም ኮምፒውተር በየማስገቢያው ማን አለ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ግን እውነተኛው መስመር ላይ አይደርስም። አስተናጋጁ፣ ማለትም እውነተኛው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው የቨርቹዋል ማሽኑ ሶፍትዌር መሐል ላይ ይይዘውና እሱ ራሱ ይመልሳል። «አለሁ፣ የእኔ ቁጥር ይኸውና» የሚለው በዓለም ላይ በየትኛውም ፋብሪካ ያልተሠራ፣ በጽሑፍ ብቻ ያለ ካርድ ነው። እንግዳው ውሸት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ አስተናጋጁ ያስተዋወቀውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ያ የጽሑፍ ካርድ ደግሞ የሚችለው ጥቂት ነው። ሥዕል የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ ይሰጣል፣ በቃ። ለእኛ ማሽን የተመደበለት 12 ሜጋባይት ነበር። 1024 በ768 ነጥብ ያለው ስክሪን እያንዳንዷ ነጥብ 4 ባይት ስትይዝ ልክ 3 ሜጋባይት ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ለተራ ጽሑፍና መስኮት ይተርፋል። እንግዳው ነጥቦቹን በፕሮሰሰር እያሰላ እዚያ ያስቀምጣል፣ አስተናጋጁ ገልብጦ መስኮቱ ላይ ያሳያል። ዩኒቲ የሚፈልገው ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሦስት ማዕዘኖችን በአንድ ጊዜ የሚያዞር፣ የሚያጠላ፣ የሚያሳሳ እውነተኛ ጂፒዩ፣ ማለትም የግራፊክስ ካርድ ፕሮሰሰር፣ ነው። የለህም ያለው ስለዚህ ነው፤ እሱ እስከሚያየው ድረስ ትክክል ነበር።

መፍትሔውን ያገኘነው በማግስቱ፣ ቀድሞን ከሞከረ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ጌስት አዲሽንስ የሚባል ጥቅል አለው፤ እንግዳው ውስጥ ይጫናል። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የማሳያ ማስተካከያው ውስጥ ገብተን ሜሞሪውን እስከ ጣሪያው፣ 128 ሜጋባይት አደረስነው። ሥሪዲ አክስለሬሽን የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረግን፣ አስነሣነው።

መጀመሪያ መስኮቱን ጥጉን ይዤ ሳብኩት፤ የእንግዳው ስክሪን አብሮ ተዘረጋ። ወዲያው በግራ በኩል የምስሎቹ ዓምድ እየተንሸራተተ ብቅ አለ። «እሰይ!» ብሎ ጓደኛዬ ጮኸ፤ ከጎናችን ባለው አልጋ ተኝቶ የነበረው ልጅ ነቅቶ ምን ሆናችሁ አለን። ምን እንደሆንን ለማስረዳት ሞከርን፤ ለእሱ መስኮት ውስጥ ያለ መስኮት ነበር፣ ተገልብጦ ተኛ። እኛ ግን እስኪነጋ መስኮት እየከፈትን፣ እያሳነስን፣ እያሳሳን ተቀመጥን።

ዝርዝሩን ደግመን ስናይ ያው የኢኖቴክ ስም ነው፤ እውነተኛው ካርድ አሁንም አይታይም። እኔን የማረከኝ ይኸ ነው። እንግዳው ካርዱን ሳያየው እየተጠቀመበት ነው። በውስጡ የጫንነው ድራይቨር «ይህን ሦስት ማዕዘን ሣል፣ ይህን ቀለም ቀባ» የሚሉ ትእዛዞችን ይሰበስብና ለአስተናጋጁ ያቀብላል። አስተናጋጁ የራሱን ጉዳይ ከሚያስፈጽምበት ድራይቨር ጋር አሰልፎ ለእውነተኛው ካርድ ያስረክባል፣ ውጤቱን መልሶ ይሰጣል። ጉዳይ አስፈጻሚ በመሐል ስላለ ይዘገያል፤ አልፎ አልፎም መስኮት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ግን ይሠራል። ቨርቹዋልቦክስ ይህን መንገድ ሞክሮ ያወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ እኛ ዘንድ በሦስት ዓመት ደረሰ፣ ለዚያ ዘመን ፈጣን ነው።

ለብዙ እንግዳ አንድ ካርድ ማካፈል ሲባል ለመንዝ ሰው ጓሳ የተባለው የሣር ምድሩ ነው የሚመጣለት፤ ለእኔም የገባኝ በእሱ በኩል ነው። ጓሳን ቱሪስት የሚያውቀው በጭላዳውና በቀይ ቀበሮው ነው። አባቶቻችን ግን የሚያውቁት በሣሩ ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ለዝናብ ገሳ የሚሠራበት ሣር። መንዝን ያቀኑት አስቦና ጌራ ለዘራቸው ለዩት ይባላል። ቄሮ በሚባለው ሥርዐት ሣሩ እንዲያገግም ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ በተዘጋበት ዘመን ማንም አጭዶ፣ ማንም ከብት አስገብቶ አይገኝም። ሲከፈት በተመረጡ አለቆች አዋጅ፣ በታወቀ ቀን ነው፣ መጀመሪያ ለአጫጅ፣ ቀጥሎ ለከብት። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዐቱ ፈረሰ፤ ቆይቶ ነዋሪው በኮሚቴ መልሶ አቆመው፣ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። አንድ ካርድ ለብዙ ማሽን ሲካፈልም ጥያቄው ይኸው ነው። ማን መቼ ይገባል? ስንት ይወስዳል? ሳይጠየቅ የገባውን ማን ይመልሰዋል? ካርዱ ራሱ ይህን አይወስንም፤ አለቃ ያስፈልገዋል። በኮምፒውተሩ ዓለም አለቃው ሃይፐርቫይዘር ይባላል።

ተመርቄ አዲስ አበባ ሥራ ስይዝ ከሌላኛው ጽንፍ ጋር ተገናኘሁ፤ ካርዱን ሳያካፍሉ ለአንድ እንግዳ ጠቅልሎ መስጠት። መሥሪያ ቤቱ ካርታ የሚሠራ ነው፤ ተራራና ሸለቆ በሦስት አቅጣጫ እያዞረ የሚያሳየው ሶፍትዌር የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፣ አገልጋዩ ኮምፒውተር ግን ሊኑክስ ነበር። ሊኑክስ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኬቪኤም የሚባል የቨርቹዋል ማሽን አቅም በልቡ ውስጥ አለው። በ2012 ደግሞ ቪኤፍአይኦ የተባለው ተጨመረ፤ ይኸኛው እውነተኛውን ካርድ ከአስተናጋጁ ነጥቆ ለእንግዳው ያስረክባል።

ይህ እንዲሆን አይኦኤምኤምዩ የሚባል ዘበኛ መብራት አለበት፤ ኢንቴል ቪቲ ዲ ይለዋል። ግራፊክስ ካርድ ፕሮሰሰሩን ሳያስፈቅድ ከሜሞሪ የመጫንና የማራገፍ ሥልጣን አለው። እንግዳው ለካርዱ «ከዚህ አድራሻ አንሣ» ሲለው የሚጠራው አድራሻ የራሱ ነው፤ የአስተናጋጁ እውነተኛ ሜሞሪ ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ዘበኛው ባይኖር ካርዱ የሌላ ማሽን ሜሞሪ ላይ ይጽፋል፣ ሁሉ ነገር ይበላሻል። ዘበኛው አድራሻውን ይተረጉማል፣ ካልተፈቀደለት ቦታም ይመልሰዋል።

ያን ጊዜ ደግሞ አንድ ዕንቅፋት ነበር። ከትልልቆቹ አምራቾች የአንዱ ተራ ካርዶች ድራይቨር ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ ስህተት 43 ብሎ ይቆማል። በመላው ዓለም ያሉ ሰዎች አስተናጋጁ ማንነቱን እንዲሸሽግ እያደረጉ ያልፉት ነበር፤ እኛም እንደ እነሱ። አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ክልከላውን አነሣ። እኔ ያየሁት የመጀመሪያው ስኬት ግን ከዚያ በፊት ነው። አገልጋዩ ላይ ያለው ስክሪን ድንገት ጠፋ፤ ካርዱ ከአስተናጋጁ እጅ ወጣ ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ በዚያው ስክሪን ላይ ዊንዶውስ ብቅ አለ፣ በእውነተኛ ካርድ፣ በእውነተኛ ስም። የሥራ ባልደረቦቼ መጀመሪያ የከፈቱት ካርታ የጀማ ሸለቆ ነበር። ጓደኛዬ እየወረደ የሚወጣበትን ያን ገደል ጥላውና ጠርዙ ሳይቀር ስክሪኑ ላይ እያዞርኩ አየሁት፤ ወዲያው ደወልኩለት።

ይህ መንገድ ፍጥነቱ ከእውነተኛ ኮምፒውተር ጋር የሚተካከል ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ካርዱን አንድ እንግዳ ከያዘው ሌላው ጦሙን ያድራል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ተራውን ቨርቹዋል ማሽን ባለበት አቁሞ ሁኔታውን በዲስክ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እውነተኛ ካርድ ተሰጥቶት የሚሠራውን ግን በካርዱ ሆድ ያለውን ነገር ማንበብ ስለማይቻል በተለምዶ እንዲያ ማድረግ አይቻልም። ባትሪው ከማለቁ በፊት በወጉ መዝጋት ነው።

ልጅ ሆኜ በፕላዝማው ፊት ያሰብኩትን የሚመልሰው ሦስተኛው መንገድ ነው፣ ካርዱ ራሱ መካፈልን አውቆ ሲሠራ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ቪጂፒዩ ብሎ ባመጣው አሠራር የካርዱ ሜሞሪ በቁርጥ ይከፈላል፤ 16 ጊጋባይት ያለው ካርድ ለስምንት ማሽን ሁለት ሁለት ጊጋባይት ሊሰጥ ይችላል። ስሌቱን የሚሠራው ክፍል ግን አይቆረስም፤ እያንዳንዱ በየተራው፣ ዓይን በማይለየው ፍጥነት ይገባና ይወጣል። አለቃው ተራውን እኩል ማድረግም፣ ሥራ ያለውን ማስቀደምም ይችላል። ኤኤምዲ በ2016 ያወጣው ካርድ ደግሞ ራሱን በመስመሩ ላይ ብዙ ካርድ አድርጎ ያስተዋውቃል፤ ማን አለ ሲባል እስከ 16 ድረስ ሆኖ ይመልሳል። በ2020 የመጣው የኤንቪዲያ ኤ100 ስሌት የሚሠራውን ክፍል ሳይቀር እስከ ሰባት ቦታ ይቆርሰዋል፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ መንካት አይችልም። ገንዘብ ለሌለው ደግሞ ቨርጂኤል የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ በዶርማችን ያየነውን የጉዳይ አስፈጻሚ መንገድ አሻሽሎ ሊኑክስ ለሊኑክስ ያካፍላል።

ማካፈል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማይክሮሶፍት ሪሞትኤፍኤክስ የተባለውን የራሱን የማካፈያ መንገድ የደኅንነት ቀዳዳ ስለተገኘበት እ.ኤ.አ. በ2020 ዘግቶ በ2021 ጨርሶ አስወጥቶታል። በአንድ ካርድ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ሲሠሩ አንዱ የሌላውን እንዳያይ መጠበቅ የአለቃው የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ፍጥነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን ካርድ የሚፈለገው ለሥዕል ብቻ አይደለም። አማርኛ የሚሰማ፣ አማርኛ የሚጽፍ ማሽን ለማስተማር የሚፈልግ የደብረ ብርሃን ተማሪ ጂፒዩ ያስፈልገዋል፤ ለየተማሪው መግዛት ደግሞ የትኛውም ተቋማችን አይችልም፣ መቻልም የለበትም። መካፈል የሚችል ካርድ ያለው አንድ ደህና አገልጋይ ኮምፒውተር፣ ከሥሩ አስተማማኝ ባትሪ፣ ከላዩ ሥራውን የሚያውቅ ኃላፊ ቢኖር፣ ላቡ ውስጥ ያሉት አሮጌ ማሽኖች መስኮት ሆነው ይበቃሉ። ዕቃ የምትገዙ ሰዎች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ካርዱ መካፈል ይችላል ወይ? ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ዘበኛው አላቸው ወይ? ለማካፈያው ሶፍትዌር በየዓመቱ የሚከፈል ፈቃድ አለ ወይ? አንዳንዱ ካርድ ያለፈቃድ አይካፈልም፤ ይህን ሳያዩ የገዙ ውድ ካርዳቸውን ለአንድ ሰው ብቻ ያውሉታል።

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ወጥታችሁ በዚህ ሙያ እንጀራ የምትበሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ክረምት አገር ቤት ስትገቡ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ላብ አንድ ከሰዓት ጎብኙልኝ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ፣ ከአይሲቲ መምህሩ ጋር ተቀምጣችሁ የአንዱን ኮምፒውተር ባዮስ ክፈቱና የቨርቹዋላይዜሽኑን ማብሪያ ፈልጉ። በብዙ ማሽኖች ላይ ከፋብሪካው ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ለማብራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።